ጳጉሜ ሦስት ስለተያዘው የኤልመር ዓሣ

ለተከበሩ የምዕራብ ወንዞች ዓሣ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የዴንቨር ቅርንጫፍ ኃላፊ፣

ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በእርስዎ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2014፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በእርስዎ ሰዓት ዘጠኝ። ሁለቱንም የጻፍኩበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

ክቡር ሆይ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት እወጣለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ አንተከትካለሁ፣ በረዶ ሲጥል የጎረቤቴን መኪና ከእኔ በፊት የሚጠርግላት የለም፤ በኮልፋክስ ጎዳና ባስ ውስጥም ወንበር ሲለቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቆሜ እሄዳለሁ። መነጽሬን ካደረግኩ የተቀደደ መረብ ዛሬም እጠግናለሁ፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከደሴት የተወለድኩ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነኝና። ማንበብና መጻፍ ያወቅሁት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዙ አልገፋሁበትም፤ ያወቅኋትን ያህል ግን በእጄ እጽፋለሁ እንጂ ሰው አላስጽፍም። ይህችንም በእጄ ነው የጻፍኳት።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይስማማዎታል? ዓይንዎ፣ ጆሮዎ፣ በተለይም አፍንጫዎ ደህና ነው? ስለ አፍንጫ ነጥዬ መጠየቄ ለክፋት አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ይህ ሕመም ሳይጋባ እንዳልቀረ ስለጠረጠርኩ ነው። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላችሁ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት ሦስት ዝግ ደብዳቤ ልኬ ሦስቱም ሳይከፈቱ ስለተመለሱልኝ ነው። ይቺን በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ አወጣኋት፣ አንዷንም በአገራችን ሰው በለገሠ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኳት፤ እርስዎ ባያነቡኝ የምኖርባት ከተማ አውሮራ ታነበኛለች። እንግሊዝኛውን የልጄ ልጅ ሔቨን አዘጋጅታ ትልክልዎታለች። እንዳታለሰልሰው አስምያታለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ልንገር። ባለቤቴ ስንዱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፓርክ ሂል አጠገብ ባለ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ከጎኗ የምትቆመው ማርሊን ነበረች። ማርሊን ወደ ምዕራብ ካለው ትልቁ ወንዝ ዳር ነባር ሕዝብ የተወለደች ናት፤ ነጮቹ ሳይመጡ በፊት ወንዙን ሲያሰግር ከኖረው ሕዝብ ማለቴ ነው። ወንድሟ ኤልመር የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ እናቱ ከቆመችበት ቋጥኝ ላይ ቆሞ ዛሬም ሳልሞን ያጠምዳል። ስንዱ ታማ እህል አልቀበል ባላት ጊዜ፣ ጉሮሮዋን ያለፈው ማርሊን ይዛልን የምትመጣው የኤልመር ዓሣ መረቅ ብቻ ነበር። ስንዱ ካረፈች በኋላ፣ ዓሣው በያመቱ ሲመጣ እኔና ማርሊን በለገሠ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ለወገን እንሸጣለን፤ ረቡዕና ዓርብ ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም ጎረቤት መጥቶ ይጨቃጨቅበታል፣ ተጨቃጭቆም ይገዛል።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ከገዛ ወንዙ ያወጣውን ዓሣ ለገበያ የሚሸጠው እርስዎ «ተከፍቷል» ባሉበት ቀንና ሰዓት የተያዘ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያጠመደውን ቤቱ ይብላው እንጂ አይሸጠውም። ዘንድሮ የከፈቱት ከሰኞ ሴፕቴምበር 8 ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በእናንተ ስድስት፣ እስከ ሐሙስ ሴፕቴምበር 11 ማታ ድረስ ነበር። ኤልመር ሰኞ ጠዋት፣ በተከፈተ በአርባ ደቂቃው የመጀመሪያውን ሣጥን ሞላ፤ እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ ሣጥን አወጣ። የማርሊን ልጅ በረዶ አልብሶ ጭኖ መጣ፤ ረቡዕ ጠዋት አውሮራ ላይ መሸጥ ጀመርን፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎ ደረሱ፤ ዓሣውም ተወረሰ። አሁን ኤልመር በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ፊት ቀርቦ እንዲሰማ ተጠርቷል፤ ከተከፈተበት ጊዜ ውጭ አጥምዷል ተብሎ ከተፈረደበት ለሦስት ዓመት መረብ አይጥልም። በሰባ አንድ ዓመት ሦስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ወጣት ከሆኑ አይገባዎትም፤ ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ አላዝንልዎትም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ መክፈቻው ማስታወቂያ። ሰኞ ማለዳ ለሚከፈት ወንዝ ማስታወቂያውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮዎ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ያውም በሰባት ገጽ ስላወጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በውስጡ የመረቡ ዓይን ስፋት አለ፣ የገመዱ ርዝመት አለ፣ በማጥመጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት አለ፤ ዓሣው ብቻ የለም። ኤልመር የወንዙ ውሃ እጁን ሲነክሰው «መጡ» ይላል፤ እናቱም እንደዚያው ትል ነበር። እርስዎ ግን ከወንዙ የአሥራ ስምንት ሰዓት መንገድ ርቀው፣ ዴንቨር ሕንፃ ውስጥ፣ ማሞቂያ ሥር ተቀምጠው መምጣታቸውን ማወቅዎ የትምህርት ሳይሆን የጸጋ ነው። ዓሦቹም ማስታወቂያው ሳይደርሳቸው ሰኞን ጠብቀው ስለተያዙ በእርስዎ በኩል ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እኛም ሐይቅ ዳር ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሊቀ መንበር ከከተማ ተልኮልን፣ የመረባችንን ዓይን በተማሪ ማስመሪያ እየለካ ሲቀጣን ኖሯል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣችን ግን ሳይለካ ነበር ቤቱ የሚገባው።

ሁለተኛ፦ ስለ መዝገቡ። እዚህ ላይ እውነቱን እኔው ልናገር፤ ማንም እንዲያወጣጣኝ አልፈልግም። ደንብዎ እያንዳንዱ ሣጥን የተያዘበት ቀንና ሰዓት በሻጩ መዝገብ ይጻፍ ይላል። ማርሊን ጣቶቿ በቁርጥማት ስለታሰሩ፣ ኤልመር ከወንዙ እየደወለ ሲነግራት መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን ስታቀብለኝ «መጻፍ ትችላለህ አይደል?» አለችኝ። ነገሩን ያበላሸችው ይቺ ጥያቄ ናት። ደሜ ፈላ። «አንቺ ብቻ ተናገሪ» ብዬ ብዕሩን መነተፍኳት። እንዴት ብላ ትጠይቀኛለች? ከዚያም ሳልጠይቅ፣ ሳላማክር፣ በሚያምር ቁጥር ጻፍኩ። ቀኑ ጳጉሜ ሦስት፣ አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከአርባ ነበርና፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደማውቀው 3/13/06፣ 12:40 ብዬ አሰፈርኩ። አሥራ አንዱንም ሣጥን እንዲሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የማርሊን አይደለም፤ የኤልመርማ ጨርሶ አይደለም፤ ቁጥር አልጻፈም፣ መረብ ሲስብ ነበር።

ተቆጣጣሪዎ ሲያነቡት ግን ማርች 13 ቀን፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአርባኛው ደቂቃ የተያዘ ዓሣ ሆኖ አገኙት። በዚያ ወር ወንዙ ዝግ ነበርና ወንጀል ነው አሉ። እስቲ ይታይዎ፦ ከፊታቸው ያለው ሳልሞን ዓይኑ እንደ መስተዋት ያበራል፣ መተንፈሻ ስንጥቡ ደም የመሰለ ነው፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ስምንት ዓመት የሞላው ዓሣ ይህን ይመስላል ብለው አመኑ። ማርሊን ወንዙ ዳር የተሰጠው፣ ሴፕቴምበር 8 የሚለው ደረሰኝ ከሣጥኑ ክዳን ላይ ተለጥፎ እንዳለ አሳየቻቸው። እሳቸውም በታላቅ ትሕትና የደንቡን አምስተኛ ገጽ ገልጠው «ሁለት መዝገቦች ሲለያዩ ቀደም ያለው ቀን ይጸናል» የሚለውን አነበቡልን። እኔም አንዱን ዓሣ አንሥቼ «ጌታዬ፣ እባክዎ አንዴ ያሽትቱት» ብዬ ወደ ፊታቸው አስጠጋሁላቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና «ማሽተት በአሠራራችን ውስጥ የለም» አሉኝ። ለገሠ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዓሣ ጎርጉሮ ጳጉሜን ያወጣ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ!» ብሎ የገበያውን ሰው ሁሉ ሲያስቅ፣ እኔ አልሳቅኩም። ምን እንደጻፍኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነበር።

ሔቨንን ደውዬ ጠራኋት፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች፤ መዝገቡን አይታ «ኦ ማይ ጋድ አባባ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እኮ እዚህ የለም!» አለችኝ። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር መኖሩን ለሰውዬው በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው፣ ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው «ቬሪ ኢንተረስቲንግ» አሏት፣ ከዚያ ወረቀቱን ፈረሙ። ለታሪክ ያላቸውን ፍቅር አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ በረኪናው። የተወረሰው ዓሣ ለማስረጃ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ማስረጃ አይደል? ስምንት ዓመት ቆይቶ ያልሸተተ ሳልሞን እኮ ለሙዚየም የሚበቃ ነው፤ ሊቃውንት ከየአገሩ ይጎርፉለት ነበር። እርስዎ ግን ዝናን የማይሹ ሰው ኖረዋልና፣ ሠራተኞችዎ አሥራ አንዱንም ሣጥን ፓርኪንጉ ላይ ገልብጠው፣ ማንም እንዳይበላው በላዩ በረኪና አፈሰሱበት። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፤ ሰዉ ድስቱን ጥዶ ይጠብቃል። ጠረኑ በለገሠ በርበሬ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ከረመ።

ከሣጥኖቹ አንዱ የሚሸጥ አልነበረም። የመጀመሪያው ነበር። በኤልመር ሕዝብ ዘንድ የመክፈቻው መጀመሪያ ዓሣ አይሸጥም፤ ለሽማግሎች ይከፋፈላል፣ አጥንቱም ተሰብስቦ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ዓሣው በከርሞው መንገዱን ያጣል ይላሉ። ለእኔ ይህ ትርጓሜ አላስፈለገውም፤ እኛ በኩራት የምንለው፣ ለአምላክ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍሬ ማለት ነው። ያ ሣጥን ዴንቨር ለሚኖሩ አምስት የነገዱ ሽማግሎች የተላከ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ስማቸው ተጽፎ ነበር። ማርሊን ያን ቀን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «አጥንቱን ብቻ ስጡኝ» አለቻቸው። በረኪና የነካው ነገር ከስፍራው አይወጣም ተባለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ደውላልኝ አታውቅም፤ እኔም አልደወልኩላትም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ ባለሥልጣን አይቻለሁ። የሚዘርፍ አይቻለሁ፣ የሚያስር አይቻለሁ። ዘርፎ የማይበላ ግን ከእርስዎ በፊት አላየሁም። የእኛ ሊቀ መንበር እንኳ የወረሰውን ዓሣ ቤቱ ወስዶ ያስጠብሰው ነበር፤ ቢያንስ ዓሣው ለምን እንደተፈጠረ ያውቃል።

አራተኛ፦ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ስሕተቴን በራሴ አፍ ልናዘዝ ሁለት ባስ ቀይሬ መጣሁ። ጫማዬን ጠርጌ፣ ከረባቴን አስሬ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት እመቤት እጅግ ጨዋ ናቸው። «ባለ ፈቃዱ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። አይደለሁም፣ ያጠፋው ግን እኔ ነኝ አልኳቸው። ኮምፒውተራቸውን ጥቂት አዩና «ለከሰሰ ሰው ቅጽ አለን፣ ለተከሰሰ ሰው ቅጽ አለን፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ለሚል ሰው ግን ቅጽ የለንም» አሉኝ። ይህን ያህል ዘመን ሲሠሩ አንድም ሰው እኔ አጠፋሁ ብሎ ወደዚያ ቢሮ አለመግባቱን በዚህ አወቅሁ፤ ከውስጥ ያሉትንም ጨምሮ።

ከዚያ መታወቂያዬን ጠየቁኝ። አዩት። ጃንዋሪ 1 ይላል የተወለድኩበት ቀን። «የአዲስ ዓመት ልጅ!» ብለው ደስ አላቸው። ክቡር ሆይ፣ እኔ የተወለድኩት ክረምት ላይ ነው፤ እናቴ ሐይቁ ሞልቶ ነበር ትለኝ ነበር እንጂ ቀኑን አታውቀውም። ጃንዋሪ 1ን የሰጠኝ ከስደተኛ ጣቢያ ሲቀበለኝ የእርስዎው መንግሥት ነው። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ አብሮኝ በአውሮፕላን ለመጣው ግማሽ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አወለደን። በየዓመቱ በእናንተ አዲስ ዓመት አውሮራ ውስጥ ስንት ሺህ ሽማግሌ በአንድ ጠዋት ዕድሜ እንደሚጨምር ቢያዩ ሻማ አይበቃዎትም። በዚያ በተሳሳተ ቀን መንጃ ፈቃድ ሰጣችሁኝ፣ ሆቴል ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ አደረግኩ፣ ታክስ ተቀበላችሁኝ፣ ጡረታ አወጣችሁኝ፣ ዜጋም አደረጋችሁኝ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላኝን ሰው መታወቂያዬ ሰባ አምስት ይለኛል። አንድም ቀን ማንም በረኪና አላፈሰሰብኝም። እናንተ የተሳሳታችሁበት ቀን ሕግ ሲሆን፣ እኔ ትክክል የጻፍኩት ቀን ለምን ወንጀል እንደሆነ ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው ካለዎት በትሕትና እጠብቃለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሔቨን «አባባ፣ ይበቃል፤ አይጨርሱትም» ስላለችኝ ተውኩት። ብቻ አንዲት ነገር። በእኛ አገር ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው ይባላል። ስለ ዓሣ ነው የማወራው።

አሁን የምጠይቅዎ ምሕረት አይደለም፤ ኤልመር ያጠፋው የለምና። የምጠይቅዎ ያንን መዝገብ ከወንዙ ደረሰኝ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው፣ ማንኛውም ከእኛ አገር የመጣ ሰው፣ የሰባት ዓመት ሕፃንም ቢሆን፣ ጳጉሜ ሦስት ከሴፕቴምበር 8 ጋር አንድ ቀን መሆኑን ሲነግርዎ ለአንድ ደቂቃ እንዲሰሙት ነው። ዓሣውን ማሽተት ጊዜው አልፎበታል።

የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ዕዳዬን ለሰው የማስከፍል ሰው አይደለሁም። የኤልመር ጉዳይ በሚሰማበት ቀን ከፊትዎ ቆሜ፣ ወንበር ቢሰጡኝም ሳልቀመጥ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይህ ለኤልመር ያለብኝ ነው። ለአምስቱ ሽማግሎች እያንዳንዳቸው ቤት ሄጄ በኩራታቸውን ማን እንዳሳጣቸው እነግራቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሊትልተን ናቸው፣ ባሱ ሩቅ ነው፣ እሄዳለሁ። ለሔቨን በእኔ ጉዳይ ስትሯሯጥ ከትምህርት ቤት የቀረችባቸውን ሦስት ቀኖች አስተማሪዋ ዘንድ ቀርቤ እመልስላታለሁ። ስንዱ መቃብር ላይ ወዳጅሽን አስቀየምኳት ብዬ ልነግራት ይገባል። ለማርሊን ደግሞ የሁሉም ዋናው አለብኝ፦ በሯን አንኳኩቼ፣ መጻፍ ትችላለህ ወይ ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ፣ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን መልስ እመልስላታለሁ። እችላለሁ፤ ግን አሳዪኝ።

ለእርስዎ የነበረብኝ ምስጋና ብቻ ነው፤ እሱንም ከላይ እስከ ታች ከፍያለሁ።

ወንዝ ከፍቶ የመዝጋት ሥልጣን ለሰጠዎት አምላክ፣ ዝናብ የማዝነቡን ሥልጣን ለራሱ ስላስቀረልን ምስጋና እያቀረብኩ፣ ለዘመንዎ ርዝመትን፣ ለመዝገብዎ ንጽሕናን፣ ለአፍንጫዎ ፈውስን በመመኘት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ዛሬም ዝቅ እላለሁ፣ ዝቅ ብዬም ሳልያዝ ቀና እላለሁ)፣

አክባሪዎ
ወልደየስ፣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለኤልመር የላከውን የመጥሪያ ግልባጭ ሔቨን አነበበችልኝ። «ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2014 ይቅረቡ» ይላል። ግድግዳዬ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁት፤ የእናንተውን ነው፣ ከባንክ የተሰጠኝ። ኖቬምበር 6 ሐሙስ ነው። ኤልመር አሥራ ስምንት ሰዓት ነድቶ የሚመጣ ሽማግሌ ስለሆነ ከረቡዕና ከሐሙስ የትኛውን እንደፈለጉ ቢያስታውቁት መልካም ነው፤ በደንብዎ አምስተኛ ገጽ ከሆነ ግን ቀደም ያለው ይጸናልና ረቡዕ በጠዋት በርዎ ላይ ነን፣ እስከ ሐሙስም ከዚያ አንሄድም። ያንን መጥሪያ የጻፈውን ሠራተኛዎን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፦ ልጅ ይኖረው ይሆናል፣ እባክዎ ብዕሩን ለሦስት ዓመት አይንጠቁት።